ታላቅነቴን ላስመሰክር ጌራ የሄድኩ ጊዜ

ከጅማ ጌራ ሄጄ መጣሁ። እናንተ የቦሳ ኪቶ ሴቶች ከባጃጅ ፌርማታ አልፋችሁ ስለማትሄዱ፣ እኔ ሄጄ አየሁላችሁ። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ሀያት ትጽፋለች። ፊደል አላውቅም፤ ስታሳጥርብኝ ግን አውቃለሁ። እኔ ገና እያወራሁ እስክሪብቶዋ ካረፈ አንድ ነገር ዘላለች ማለት ነው።

ነገሩን ከስሩ ልንገራችሁ። እኔና ዘሃራ መንታ ነን። ማን ቀድማ እንደወጣች የሚያውቅ የለም። ያዋለደችን ሴትዮ ተቻኩላ አንዳችንን እዚህ፣ አንዳችንን እዚያ አስቀምጣ፣ ክር እንኳ እጃችን ላይ ሳታስር ቀረች። በኛ ቤት ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ታላቅ ትቀመጣለች፣ ታናሽ ትነሳለች። እጅ የምታስታጥበው ታናሽ ናት፤ ለዒድ ተነስታ የምትሄደውም ታናሽ ናት፤ ታላቋንም «እትዬ» ብላ ነው የምትጠራት። ስለዚህ ልጅ ሆነን ሁለታችንም ታላቅ ነበርን። ሽማግሌ ሲላክብን ጊዜ ሁለታችንም ታናሽ ሆንን። አሁን ጉልበታችን ሲደክም ተመልሰን ታላቅ ሆነናል። አንዷ ለሌላዋ «እትዬ» ያለችበት ቀን ግን የለም፣ ወላሂ።

ዘሃራ ጌራ ነው ያገባችው። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ተበትነዋል፣ ጫካ ዳር ከቡናዋ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። በዚህ ክረምት አዳልጧት ወደቀች። እኔ ይሄን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ደውዬ፣ ነይና እኔ ጋ ኑሪ፣ እዚህ ቧንቧ አለ፣ መብራት አለ፣ ሰው አለ አልኳት። እሷ ምን ትለኛለች? አንቺ ነይ፣ ታናሽ ናት ወደ ታላቅ የምትሄደው። እኔም ለዚህ ነው ነይ የምልሽ አልኳት። ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው እሱም አልታወቀም።

እዚህ ላይ ሀያት መጣች። ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፤ የምትማረውም ስለ እርጅና ነው። ጥርሷ ሙሉ የሆነ ልጅ ስለ እርጅና ለመማር ያን ያህል ዓመት መቀመጧ አይገርማችሁም? እኔን ብትጠይቀኝ በአንድ ጠዋት እጨርስላት ነበር። ለመመረቂያ ሥራዋ ያረጁ መንታዎች ደም ትፈልጋለች። ምን ያደርግልሻል አልኳት፤ ተቀምጣ አስረዳችኝ።

በሰው ገላ ውስጥ ሴል የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ቤቶች አሉ አለች። በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ የመላው ገላ ትእዛዝ ተቀምጧል፤ ጂን ይሉታል። የዓይኑም፣ የጉበቱም፣ የፀጉሩም። ሁሉም ባንዴ ካወሩ ጉበት ፀጉር ላብቅል ሊል ነው። ስለዚህ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ፤ በዚያ ቤት የማይፈለገውን ትእዛዝ ዝም ያሰኙታል። አንዱ ላዩ ላይ ምልክት ይለጥፍበታል፣ ሌላው ጠበቅ አድርጎ ይጠቀልለዋል። እድሜ ሲሄድ ግን ዝም ማሰኘቱ ይዛነፋል። ዝም ማለት የነበረበት ያወራል፣ ማውራት የነበረበት ዝም ይላል። ልክ እንደ ሰርግ ቤት ነዋ፣ አስተናጋጆቹ ሲደክማቸው፣ አልኳት። እሱን ነው አኮ አለችኝ። አኮ ማለት አያት ማለት ነው፣ ለማታውቁት።

እንደኛ ያሉ፣ መልካቸው የማይለይ መንታዎች ጂናቸው አንድ ነው፤ ኑሮአቸው ሲለያይ ግን ዝም የተባለውና ያልተባለው ይለያያል አለች። ከደም ላይ እሱን አይቶ ገላው ምን ያህል እንዳረጀ መገመት ይቻላል። እኔ የሰማሁት ይችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

«ማን ታላቅ እንደሆነች ያወጣል ማለት ነው?»

«ኧረ አኮ፣ ማን ቀድማ እንደተወለደች አያወጣም። ማን ይበልጥ እንዳረጀች ነው፤ እሱም ግምት ነው። ደግሞ የአንድን ሰው ውጤት ለማንም እንድናገር አይፈቀድልኝም።»

ማንም ማለት እኔን አይጨምርም ብዬ በሆዴ ያዝኩት። ወዲያው ለዘሃራ ደወልኩ። ደማችን ይታይ፤ ይበልጥ ያረጀችው ታላቅ ትሁንና ትቀመጥ፣ ሌላዋ ጓዟን ጠቅልላ ትምጣ አልኳት። ምንም ሳትከራከር እሺ አለች። ዘሃራ ሳትከራከር እሺ ካለች አንድ ነገር አለ።

ሰኞ ጠዋት ተነሳን። ሀያት ደም የሚቀመጥበት የበረዶ ሳጥን አላት፤ እሱን እኔ ጭን ላይ አደረገችው። ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ባለኮፍያ ሰውዬ አጠገቤ ተቀምጦ ሳጥኑን እያየ፣ እማማ አይስክሬም ነው እንዴ አለኝ። የለም፣ እርጅና ነው፤ ከፍተህ ካየኸው ይይዝሃል አልኩት። አጋሮ እስክንደርስ ጉልበቱን ወደ መስኮቱ ሰብስቦ ተቀመጠ። ሀያት ተቆጣችኝ። ምን ላድርግ፣ መንገዱ ረጅም ነው።

የቡ የምትባለዋን ከተማ ስናልፍ ሾፌሩ ሙዝ ሊገዛ ቆመ። በየደጁ ቡና ተሰጥቷል፤ ቀዩ ገና መልቀም መጀመሩ ነው። እኛ በጅማ መርካቶ የምናየው በጆንያ ገብቶ ነው፤ እዚያ ግን ዶሮም ሕፃንም ቡናው ላይ ነው የሚውለው። ሀያት እዚያው ተቀምጣ ሰውን ቶሎ የሚያስረጀውን ትቆጥርልኛለች፤ ጭስ፣ ስኳር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ። ለጤናዬ ብላ ነው፣ አላህ ይስጣት። እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ደሜ የሚቀዳው ከነገ ወዲያ ነው። እስከዚያ ትንሽ ማርጀት አልችልም?

አጋሮ ያረፍነው ሐሊማ ቤት ነው፤ የሀያት የትምህርት ቤት ጓደኛ እናት ናት። አይታኝ አታውቅም፤ ደጃፏ ላይ ስታየኝ ግን ከሐጅ የተመለስኩ ነው የሚመስለው አቀባበሏ። አጋሮ ከኛ ታንሳለች፣ ግን ኩራቷ ከኛ ይበልጣል፤ ሐሊማ ስለ አጋሮ ቡና ስታወራ ጅማ የሚባል ከተማ መኖሩንም የረሳች ትመስላለች። እኔም፣ አዎ እኛ ጋ እንኳ ይመጣል፣ ሲተርፋችሁ አልኳት። ሳቀች። ወደድኳት።

ምሳ ሲቀርብ ሥራዬን ጀመርኩ። ከሥጋው ጮማ ጮማውን መረጥኩ። ሻዩ ላይ ስኳር ጨምሪ፣ ጨምሪ እያልኩ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ሊቆም ምንም አልቀረው። ሀያት ዓይኗን ታፈጥብኛለች፤ እኔ ሐሊማ እንዳይከፋት ነው እላለሁ። ከሰዓት ላይ ሆዴ ተገለበጠ። ጓሮና ቤት፣ ጓሮና ቤት ስል ዋልኩ። ሐሊማ ምስኪን ምግቧ የጎዳኝ መስሏት ልታለቅስ ደረሰች። አጥሚት ሠራችልኝ፣ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ፣ እሷ ምንጣፍ ላይ ተኛች። ያን ጊዜ አፈርኩና እውነቱን ነገርኳት። ሐሊማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሀያት ግን አልሳቀችም።

«አኮ፣ እርጅና በሁለት ቀን አይጠጣም። ዓመታት ናቸው የሚሠሩት።»

«እሺ፣ ዓመታቱንስ ማን አመጣቸው? እኔ አይደለሁም?»

ማክሰኞ ከአጋሮ ወደ ጌራ። እንግዲህ የኛ ሰፈር መንገድ ጉድጓድ አለው ብላችሁ የምትጮሁ፣ አፋችሁን ያዙ። ዝናቡ ጨርሶ አልወጣም ነበርና መኪናችን ጭቃ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ወረደ። እኔ ሳጥኑን አቅፌ ቀረሁ። ይውረዱ እማማ አለኝ ሾፌሩ። በረዶው ይሟሟል አልኩት። ከነበረዶው ገፉኝ። ከማሳ የነበሩ ሰዎች ማንም ሳይጠራቸው ሮጠው መጡ፤ ቅጠል ጎማው ስር አነጠፉ፣ ገፉ፣ ጭቃው ፊታቸው ላይ ተረጨ፤ ስንወጣ እጃቸውን አውለብልበው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ገለቶማ ብዬ ሳመሰግናቸው እንኳ አልሰሙኝም። እኛ ጋ ቢሆን መጀመሪያ ዙሪያውን ቆመን መኪናው እንዴት ገባ ብለን እንከራከር ነበር።

ጭራ የምትባለው የጌራ ከተማ ብንደርስም የዘሃራ ቤት ከዚያም በላይ ነው። መኪና አይሄድም፣ ሞተር ብቻ። ሀያት አይ አኮ፣ በቅሎ እንፈልግ አለች። እኔ ግን ሞተሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩን በቀሚሴ እስከ ወገቡ ሸፍኜ ያዝኩት። ልጁ ቀስ ብሎ ሊነዳ ፈለገ፤ አንተ፣ ታማሚ ነው የጫንከው እንዴ አልኩት። ከዚያ በኋላ ነፋስ ብቻ ነበር። ሀያት በሌላ ሞተር ከኋላችን እየጮኸች ትመጣለች። ይህን ነገር ሳላገኘው ይሄን ሁሉ ዘመን በእግሬ ሄጄ!

የዘሃራ ቤት ስንደርስ ከማድቤቱ ጭስ እንደ ደመና ይወጣል። እሳት ተነሳ ብዬ ሮጥኩ። ገብቼ ብፈልግ፣ ዘሃራ እርጥብ እንጨት አንድዳ፣ በሩን ዘግታ፣ ጭሱ መሃል ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ጠቁሯል፣ ታስላለች። ድስትም የለ፣ ምጣድም የለ።

ለካ ሀያት ለቀጠሮ ስትደውልላት ሰውን ምን እንደሚያስረጅ ለሷም ነግራታለች!

«ምን ታደርጊያለሽ አንቺ?» አልኳት።

«ምንም። ብርድ ነው» አለች እየሳለች። ከዚያ ላይ ታች አየችኝና «አንቺስ፣ ምነው ከሳሽ? አጋሮ ምን በላሽ?»

እዚያው ጭሱ ውስጥ ተቃቅፈን እስክንታነቅ ሳቅን። ሀያት በሩን ከፍታ ሁለታችንንም እየጎተተች አወጣችን። ሱብሃነላህ፣ መረጃዬን ልታበላሹብኝ ነው ትላለች። ማታ እራት ሲቀርብ ደግሞ እጅ ማን ያስታጥብ? እኔ አልተነሳሁም፣ እሷም አልተነሳችም። ገንፎው እየቀዘቀዘ ተያየን። ሀያት ተነስታ ሁለታችንንም አስታጠበችን። የጌራ ነጭ ማር ከገንፎ ጋር ስትበሉ ስለ ጠብ ማሰብ አይቻልም። እኛ መርካቶ ማር ብለን የምንገዛው ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ ስኳር ነው፣ ንብ ያየው።

ረቡዕ ማለዳ በጩኸት ነቃሁ። ዘሃራ ናት። ከግቢው በላይ በእንጨት የተሠራ ማማ አላት፤ እዚያ ላይ ወጥታ ጦጣና ዝንጀሮ ታባርራለች። ጫካው እዚያው ነው፣ በቆሎና ቡናዋ እዚህ ናቸው። ስትጮህ ግን ለጦጣ ብቻ አይደለም። ሂድ አንተ ሌባ ትላለች ለጦጣው፤ ቀጥላ ደግሞ ወዲያ ማዶ ላለው ጎረቤቷ ለአባ መጫ፣ ዛሬም ተኝተሃል ትለዋለች። እሱም ከማዶ ይመልሳል፣ አንቺ እያለሽ ማን ይተኛል! በዚያ ወድቃ በተነሳች እግሯ እንዴት ማማው ላይ እንደወጣች አላህ ያውቃል። ይሄን አይቼ፣ ዛሬውኑ ይዣት ካልሄድኩ አልኩ።

ሀያት ደማችንን ልትቀዳ እቃዋን ዘርግታ ሳለ አባ መጫ መጣ። የማን እንደሆነች ያልታወቀች ላም የታችኛውን አጥር ጥሳ ገብታለች። አጥሩ ካልተጠገነ ከብቱ ሁሉ ይገባል። ዘሃራ ከማማዋ ወረደች፤ አባ መጫ እንጨት ተከለ፣ እኔ ልጥ አቀበልኩ፣ ሀያት ጓንቷን እንዳደረገች አጥር ያዘች። እየሠራን እየተጨቃጨቅን አጥሩ ሊያልቅ ሲል፣ ዘሃራ ድንገት ቀና አለች። ከላይ ምንም ድምፅ የለም። ስናይ ጦጣው በሙሉ በቆሎው ውስጥ ነው። ከነግልገሉ። አንዱ በብብቱ ሁለት እሸት ይዞ ሦስተኛውን ይመርጣል፤ ሌላው ማማዋ ላይ ወጥቶ የዘሃራ መቀመጫ ላይ ተቀምጧል።

ዘሃራ እየተሳደበች፣ እኔ ነጠላዬን እያወናጨፍኩ ሮጥን። ሀያት ግን አልሮጠችም። አጥሩን እንደያዘች ቆማ ትስቃለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አብዳለች አልኩ። ስንመለስ ትንፋሽ አጥሮን፣ ይሄን ነው እኮ ስለፋበት የከረምኩት አለች። እነዚያ ዝም የሚያሰኙት ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹ ሌላም ሥራ አለባቸው። የጂኑ ክር ሲበጠስ ሄደው የሚጠግኑትም እነሱ ናቸው። እነሱ አጥር ሲጠግኑ እዚህ ዝም የተባለው ሁሉ ያወራል። ሲጨርሱ ይመለሳሉ። እድሜ ሲገፋ ግን ክሩ ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል፣ ሠራተኛውም ወደ ቦታው በደንብ ሳይመለስ ይቀራል። ከእርጅና ምክንያቶች አንዱ ይሄ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ አለች። እርግጠኛ ነሽ አልኳት። እርግጠኛ ብሆን ደማችሁን ምን ያደርግልኛል አለችኝ። እሱስ ልክ ናት።

ዘሃራ አልሰማቻትም፤ ተመልሳ ማማዋ ላይ ወጥታ ትጮሃለች። አባ መጫ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እጁን ከጭቃ ሲጠርግ፣ ይዣት ልሄድ ነው አልኩት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠርጎ ጨረሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ክረምት ላይ የወደቀች ቀን ማን እንደጠራን ያውቃሉ አለኝ። ማን አልኩት።

«ማንም። ጩኸቷ ቆመ። እኔ ከዚህ ሮጥኩ፣ የላይኞቹ ከላይ ሮጡ። መንገድ ላይ ነው የተገናኘነው። ጭቃው ላይ ተኝታ፣ ምነው ዘገያችሁ አለችን።»

ይሄን አልነገረችኝም ነበር። እዚያው ተቀምጬ ቦሳ ኪቶን አሰብኩ። እናንተ አትቀየሙኝ። እኛ ጋ ዘሃራ ብትጮህ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ባጃጁ አለ፣ የበር ብረት የሚበይደው ቤት አለ፤ ማን ይሰማታል? ዝም ብትልስ ማን ይሰማታል? ቧንቧና መብራት አለ ብዬ ነበር የጠራኋት። የምትጮህበትን ግን አላዘጋጀሁላትም። ልጆቼ ማታ ሲገቡ እማማ ቀስ ይበሉ ይሏታል፤ እኔንም ይሉኛልና።

ከሰዓት ደማችንን ቀዳች። ዘሃራ ክንዷን ዘርግታ፣ የኔ ወፍራም ደም ነው፣ የታላቅ ደም እንደዚህ ነው ትላለች። ሀያት ሁለቱን ብልቃጥ ሳጥኑ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ቁጥር ባትጽፍባቸው ኖሮ፣ እናታችንም እንደኛው ማን ማን እንደሆነ ባላወቀች።

ሐሙስ ተነሳን። ዘሃራ ነይ አላለችኝም፤ እኔም ነይ አላልኳት። ታላቅ ስትታወቅ እንነጋገራለን ተባባልን። ሞተሩ ላይ ስወጣ ፊቷን አዙራ ወደ ማማዋ ሄደች። ጩኸቷ ወንዙን እስክንሻገር ተከተለን። ሀያት ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ጦጣውን ነው የምትሰድበው አልኳት። እኔን ነበር።

አጋሮ በረዶ ልንቀይር ሐሊማ ቤት ስንቆም ሀያት ሳጥኑን ከፍታ ጮኸች። ከደማችን አጠገብ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ቅቤ። የዘሃራ ሥራ ነው፤ ሰው ሳያያት ከታ ነው። ሀያት ብልቃጦቹን እያየች ወላሂ እነዚህ ሁለቱ ይገድሉኛል አለች። ደሙ ምንም አልሆነም፣ አልሃምዱሊላህ። ቅቤውን ለሐሊማ አካፈልናት።

ከዚያ ጠበቅን። አሁን ሰሞኑን ሀያት ውጤቱ መጣ አለች። ፊቷን አየሁ፤ ፊቷ የተዘጋ በር ነው። ጠየቅኳት፣ ለመንኳት፣ ተጣላኋት። ደንብ ነው አኮ ትላለች። ከዓይኗ እንኳ አላወጣሁም፤ የኔን ልጅ እንዲህ አድርገው ማሠልጠናቸው ገረመኝ።

እሷ አጠገቤ እያለች ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። በስልኩ ውስጥ ጦጣው ይንጫጫል።

«ውጤቱ መጣ» አልኳት። «አንቺ ነሽ ታላቋ።»

ሀያት ብድግ አለች። አኮ፣ እርስዎ ውጤቱን አላዩትም እኮ አለች። በእጄ ከለከልኳት። ዝም ስለማሰኘት ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሻል፣ እስቲ ሥሪበት አልኳት።

ስልኩ ውስጥ ዘሃራ ፀጥ አለች። እድሜዬን ሙሉ ዘሃራ ፀጥ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ወደቀች እንዴ ብዬ ልጮህ ስል ድምጿ መጣ። ቀጭን ሆኗል።

«አውቄው ነበር» አለች። «ታዲያ መች ትመጫለሽ?»

ቡናው ለቀማ ላይ ሳለ እመጣለሁ፣ እስከ ረመዳን እቀመጣለሁ አልኳት። ለልጆቼ ነግሬያለሁ፤ አጉረምርመዋል፣ ይልመዱት። ረጅም ጎማ ጫማ ገዝቻለሁ፣ ቀዩን። እናንተ ሴቶች ደግሞ ጩኸት ናፈቀኝ ያለች ትከተለኝ፣ ማማው ሁለት ሰው ይይዛል፤ ለሦስተኛ እንጨት እንጨምራለን።

ዘሃራ ግን አልጨረሰችም ነበር። አሁን ታላቅ ሆናለች አይደል፤ መምከር አለባት።

«በሞተር እንዳትመጪ» አለች። «ትወድቂያለሽ። ልጅ ነሽ።»

«እሺ፣ እትዬ» አልኳት።